«መጥመቂያ» ሲባል ምን ይታያችኋል? ጋን ወይስ እግር?

የአዌቱ_ልጅ (ክሩን የከፈተ) — ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡15

ሰላም የጅማ አንባቢያን። አንድ ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያስቸግረኝ ኖሯል። ዛሬ እናንተንም ላስቸግር።

ያደግሁት ጠላ ቤት ነው። እማዬ አራታችንን ያሳደገችን ጠላ ጠምቃ ነው። ስለዚህ መጥመቅን የማውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ በፊት ከጓዳ ነው። ጋኑ በግራዋ ይታሻል። ይለቀለቃል። ከዚያ የወይራ ጭስ ላይ ይደፋል። ጭሱ እንዳያመልጥ በአፉ ዙሪያ እርጥብ ጆንያ የምጠቀጥቀው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ስገባ ልብሴ ወይራ ወይራ ይላል።

ታዲያ ማቴዎስ 21 ላይ ስለ ወይን አትክልቱ ባለቤት ሲነበብ «መጥመቂያም ማሰለት» ይላል። ማሰ ማለት ቆፈረ ነው። ጋን ይቆፈራል እንዴ? ራእይ 14 ደግሞ ባሰ። «የወይኑም መጥመቂያ ከከተማ ውጭ ተረገጠ»። ጋን ሲረገጥ አስቡት! እኔ አስቤ አልቀረሁም፣ ሣልኩት። ክንፍ ያለው መልአክ፣ ሁለት እግሩን ጋን ውስጥ ነክሮ፣ ጠላው በአፉ እየገነፈለ። የሰንበት አስተማሪዬ ሥዕሉን ለክፍሉ ሁሉ አሳይቶ አሳቀብኝ። ትክክለኛው ምን እንደሚመስል ግን አልነገረኝም።

መሳፍንት 6 ላይ ጌዴዎን ከምድያማውያን ተደብቆ መጥመቂያ ውስጥ ስንዴ ሲወቃ የሚለውንስ? ትልቅ ሰው ከነዱላው ጋን ውስጥ ገብቶ?

አሁን ጎልማሳ ሆኜ እንደገና ሳነበው ነገሩ ጋን እንዳልሆነ ገባኝ። የጥያቄዬ ሆድ ግን ይኼ ነው። ይህ መጥመቂያ የሚባለው ነገር በመጻሕፍትና በእምነት ውስጥ ለምን ይህን ያህል ተደጋገመ? አንዴ የደስታ፣ አንዴ የቁጣ፣ አንዴ የመሥዋዕት ምስል ይሆናል። እናንተ ስታነቡት ምን ይታያችኋል?

---

ጀንፈል — ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡31

ሥዕሉ ካለህ ለጥፍልን ወንድሜ። ክር የምከፍተው በዚያ ነበር።

---

ዲያቆኑ_ዘጅማ — ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡02

የአዌቱ ልጅ፣ አስተማሪህ መሳቁ ጥፋት ነው። ጥያቄህ ልክ ነበር፤ ያሳሳተህ ቃሉ ነው።

አማርኛው «ጠመቀ» ሲል ማሰሮ፣ ጌሾ፣ ድፍድፍ ነው የሚታየን። «አጠመቀ» ሲል ደግሞ ውኃና ጥምቀት። ሁለቱም ውስጥ እግር የለም። ግእዙ ግን «ምክያድ» ይላል። «ኬደ» ማለት ረገጠ ነው። መዝሙር ላይ «ስግዱ ውስተ መከየደ እግሩ» ሲባል የምትሰሙት ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። የእግሩ መርገጫ ማለት ነው። ስለዚህ ምክያድ የሚለውን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ተረከዝ ነው። መጥመቂያ የሚለውን የሰማ ጋን ይታየዋል። አንተ በአማርኛ ሰምተህ በአማርኛ ሣልክ፤ ምን አጠፋህ?

ዕቃው ራሱ እንዲህ ነው። በጥንቱ ምድረ እስራኤል ከአለት ላይ ይጠረባል። ላይኛው ጠፍጣፋና ሰፊ ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ትንሽ ያዘነብላል። ዘለላው እዚያ ይዘረገፋል፤ ሰዎች በባዶ እግራቸው ይረግጡታል። ጭማቂው በቦይ ወርዶ ከታች ወደ ተቆፈረ ጉድጓድ ይንቆረቆራል። «ማሰለት» የተባለው ለዚህ ነው። ዕብራይስጡ ላይኛውን «ጋት»፣ ታችኛውን «የቄቭ» ይላቸዋል። በጥንት ግብፅ ቴብስ ካለው የናኽት መቃብር ግድግዳ ላይ ደግሞ ረጋጮቹ እንዳያንሸራትታቸው ከላይ የተንጠለጠለ ገመድ ይዘው ተሥለዋል።

ለምን በእግር ትሉ ይሆናል። የወይን ፍሬ ዘር መራራ ነው። ድንጋይ ይሰብረዋል። ተረከዝ ግን ለስላሳ ነው፤ ሥጋውን አፍርጦ ዘሩን ይተወዋል።

---

ሰሚራ_ሕርማታ — ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡20

አሰላሙ አለይኩም። እኔም ልግባበት፣ ጉዳዩ የእናንተ ብቻ አይደለም።

ሱረቱ ዩሱፍ ላይ ሁለቱ እስረኞች ሕልማቸውን ለዩሱፍ ዐለይሂ ሰላም ይነግሩታል። አንደኛው «ኸምር (ወይን ጠጅ) ስጨምቅ አየሁ» ነው የሚለው። ልብ በሉ፣ የሚጨመቀው ወይን ሆኖ ሳለ የተጠራው በሚሆነው ነገር ስም ነው። ሙፈሲሮች፣ የቁርኣን ፍቺ ሊቃውንት ማለት ነው፣ ይህን አንስተው ይነጋገሩበታል። እኛም እኮ «ጠላ ጠነሰስኩ» እንላለን፤ የተጠነሰሰው ገና እህል ነው። ከዚያ ወረድ ብሎ አንቀጽ 49 ላይ ከሰባቱ የረሃብ ዓመታት በኋላ ዝናብ የሚያገኙበትና የሚጨምቁበት ዓመት ይመጣል ይላል። እዚህ ላይ መጭመቅ ማለት ጥጋብ ነው። ረሃብ አለቀ ማለት ነው።

ከልጅነቴ የማልረሳው ደግሞ ይኼ ነው። ቁርኣን ያቀራኝ የነበረ ኡስታዝ «አስር» የሚለው የሶላት ስም ከየትኛው ሥር እንደመጣ ጠየቀን። እኛ ልጆች በአንድ ድምፅ «ከአስር ሰዓት!» አልን። የአስር ሶላት ወደ አስር ሰዓት አካባቢ ስለሚሰገድ። ኡስታዙ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ የአረብኛው «ዐሰረ» ማለት ጨመቀ እንደሆነ ነገረን። ሱረቱል ዐስር በጊዜ ይምላል። ሦስት አንቀጽ ብቻ ናት። «ሰው ሁሉ ኪሳራ ላይ ነው» ትላለች፣ ከእነ እገሌ በቀር እያለች። ኡስታዙ ጨርቅ እንደሚጨምቅ ሰው ሁለት እጁን አጣመመና «ጊዜ እንዲህ ያደርገናል፤ ጥያቄው ስትጨመቁ ምን ይወጣችኋል ነው» አለን። የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እስካሁን አስር በደረሰ ቁጥር እጁ ይታየኛል።

---

ጀንፈል — ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡26

ሰሚራ፣ አጠፋሽኝ። ነገ አስር ሰዓት ላይ ሻይ ስጠጣ እጄን ማየቴ አይቀርም።

---

ብርሃን_ቆጪ — ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡48

ውይይቱ ደስ ይላል፤ ግን እንዳናለሰልሰው። መጥመቂያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከሁሉ በላይ የፍርድ ምስል ነው። ኢዩኤል 3 «መጥመቂያውም ሞልቶአልና ኑ እርገጡ» የሚለው ለድግስ ጥሪ አይደለም። ሰቆቃወ ኤርምያስ 1 ላይ የተረገጠችው ድንግሊቱ የይሁዳ ልጅ ናት። ራእይ 14 ላይ የወጣው ደም እስከ ፈረስ ልጓም ይደርሳል፤ ርቀቱ 1600 ምዕራፍ ነው። እዚያ ያለው «ምዕራፍ» የመጽሐፍ ምዕራፍ አይደለም፣ የግሪኮች የርቀት መለኪያ ነው። አንዱ ከ180 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አባዙት፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ገደማ ነው። እንግዲህ ከአጂፕ ተነስቶ፣ ጊቤን ተሻግሮ፣ ወልቂጤንና ወሊሶን ይዞ፣ ቱሉ ቦሎን አልፎ የሚሄድ ደም አስቡ። እኔ ይህን ያሰላሁት በአውቶቡስ መስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ነው። ከዚያ በኋላ ያን መንገድ እንደ ድሮው ተኝቼበት አላውቅም።

---

ዲያቆኑ_ዘጅማ — ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡10

ብርሃን፣ ፍርድ መሆኑን ማንም አልካደም። ግን ኢሳይያስ 63ን ቀስ ብለህ አንብበው። ከኤዶም የሚመጣ ሰው አለ፣ ልብሱ ቀልቷል። ልብስህ የወይን ረጋጭ ልብስ የመሰለው ለምንድን ነው ይሉታል። «መጥመቂያውን ብቻዬን ረግጫለሁ» ይላል። እዚያ ቦታ ላይ ረጋጩ እርሱ ነው፤ ደሙም የጠላቶቹ ነው። በዚህ እስማማለሁ።

የጥንት አባቶች ግን ያን ቀይ ልብስ ሲያዩ ሌላ ነገር አሰቡ። የካርታጎው ጳጳስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ በሦስተኛው መቶ ዘመን የጻፈው አንድ ደብዳቤ አለ። ቁጥሩ 63 ነው፤ ከኢሳይያስ ምዕራፍ ጋር መገጣጠሙ ያስቀኛል። ነገሩ ስለ ጽዋው ነው። ወይን ካልተረገጠና ካልተጨመቀ ወይን ጠጅ አይጠጣም፤ እንደዚሁ ክርስቶስ አስቀድሞ ካልተረገጠና ካልተጨመቀ ደሙን መጠጣት አይቻለንም ነው የሚለው። አየህ የሆነውን? ረጋጩ ተረጋጭ ሆነ። ምስሉ ያው ነው፣ አለቱም ያው ነው፣ የተለወጠው እግሩ የማን መሆኑ ብቻ ነው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሠዓሊዎች ይህን ቃል በቃል ሣሉት። ክርስቶስ ከመጭመቂያው ግንድ ሥር ጎብጦ፣ ደሙ ወደ ጽዋ ሲወርድ። ፓሪስ ውስጥ ሴንት ኤቲየን ዱ ሞን በሚባለው ቤተ ክርስቲያን የመስታወት ሥዕል ላይ አለ። እኛ ጋ መጭመቂያ አይሣልም፤ ግን በስቅለት ሥዕላችን ላይ መላእክቱ ከጎኑ የሚፈሰውን ደም በጽዋ ሲቀበሉ ታያላችሁ። ግንዱ ቀርቶ ጽዋው ብቻ የተያዘ ይመስለኛል።

---

ብርሃን_ቆጪ — ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡22

ቆጵርያኖስ ያለው ያምራል። ኢሳይያስ ያለው ግን አይደለም።

---

ዲያቆኑ_ዘጅማ — ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡25

ኢሳይያስ ያላለውን አላልኩም። ምስሉ ከኢሳይያስ በኋላም ኖሯል ነው ያልኩት።

---

ጡረተኛው — ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

ልጆች፣ እናንተ ማታ ትጽፋላችሁ፣ እኔ ጎህ ሲቀድ አነባለሁ። ዕድሜዬ ነው።

ሉቃስ 22 ላይ ጌታ ሲጸልይ «ወዙም በምድር ላይ እንደሚወርድ እንደ ደም ነጠብጣብ ነበረ» ይላል። ቦታው በማቴዎስ ስሙ ጌቴሴማኒ ነው፤ ትርጉሙ የዘይት መጭመቂያ። የአማርኛው ተርጓሚ «ላብ» ማለት ይችል ነበር። «ወዝ» አለ። ወዝ በእኛ ቋንቋ ላብም ነው፣ የፊት ጸዳልም ነው፣ የቅባት ርጥበትም ነው። «ወዙ ተሟጠጠ» ስንል ሰውየው ተጨምቆ አለቀ ማለታችን ነው። በዘይት መጭመቂያ ቦታ ሰው ተጨምቆ ወዝ ወጣው። ተርጓሚው አስቦበት ይሁን ሳያስበው፣ የትኛውም ቋንቋ እንዲህ የገጠመለት አይመስለኝም።

እኔ ደግሞ «ወዛደር» የሚለው ቃል ከጠዋት እስከ ማታ በራዲዮ የሚጮህበት ዘመን ሰው ነኝ። ሰልፍ ወጥተን ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸንበታል። ቃሉ አረጀብን፣ ተሰለቸ። ግን ፍቺው ሲታይ በወዙ የሚያድር ማለት ነው። ኢዮብ ምዕራፍ 24 ላይ ድሆቹ በሰው አጥር ውስጥ ዘይትና ወይን ሲያወጡ ይውላሉ፤ እነርሱ ግን ይጠማሉ። እስከ ጉልበቱ ወይን ውስጥ ቆሞ የሚጠማ ሰው! ስለ ረጋጩ ስታወሩ ይህን ሰው አትርሱት። ቁጣም መሥዋዕትም ከመሆኑ በፊት መጥመቂያው የሥራ ቦታ ነው። አለቃ አለው፣ ሂሳብ አለው፣ ምሳ ሰዓት አለው።

ጆን ስታይንቤክ የሚባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ ይህ የገባው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1939 ያወጣው ልቦለድ ርእሱ «የቁጣ ወይን» እንደማለት ነው። ርእሱን ያገኘችለት ሚስቱ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ከታተመ የእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን መዝሙር ወስዳ። መዝሙሩ ደግሞ ምስሉን የቀዳው ብርሃን ካለው ከራእይ 14 ነው። በዚያ ልቦለድ ውስጥ ከኦክላሆማ የተፈናቀሉ ገበሬዎች ካሊፎርኒያ ሄደው ፍሬ ይለቅማሉ። ዋጋው እንዳይወርድ ተብሎ ብርቱካን ላይ ላምባ ይርከፈከፍበታል፣ የራበው እንዳይበላው። እዚያ የሚሞላው መጥመቂያ የተራበው ሰው ሆድ ውስጥ ነው። አሁን ወደ ቡናችን ኑ። ለቃሚው በኪሎ ነው የሚከፈለው። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ደም ግፊት አለብኝ።

---

ጀንፈል — ረቡዕ፣ ቀን 6፡50

ጋሼ፣ ደም ግፊቱን ይጠብቁ፤ ቡናውን ለእኔ ይተዉልኝ።

ከአጋሮ ወዲያ ያለ እሸት ቡና መፈልፈያ ላይ ሦስት ወቅት ሠርቻለሁ። ማታ ማታ ነው ሥራው የሚጦፈው። ቀን የተለቀመው ቀይ እሸት በጆንያ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ገንዳ ውስጥ ይፈስሳል። የማይረባው ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይሰምጣል። ከዚያ ማሽኑ ይጎርሰዋል። ድምፁ የጥርስ ነው፤ ፍሬው ዲስኩና ሳህኑ መካከል ገብቶ ብልጭ ይላል። ቆዳው በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ በኩል። ፍሬው ላይ የሚቀረው ልጋግ ገንዳ ውስጥ ተብላልቶ ነው የሚለቀው። ከዚያ ይታጠብና አልጋ ላይ ይሰጣል። ሽታው ጣፋጭም ቆምጣጣም ነው፤ ልብስ ላይ ከተጣበቀ የአዌቱ ልጅን ወይራ ያስረሳል።

ዲያቆኑ ስለ ዘሩ የጻፍከውን ሳነብ ምሳዬን አቆምኩ። እኛ የምንሠራው እኮ ግልባጩን ነው! ወይን ረጋጩ የሚፈልገው ጭማቂውን ነው፤ ዘሩ እንዳይሰበር ይጠነቀቅና ይጥለዋል። እኛ ጣፋጩን ሥጋ አውጥተን እንጥላለን፣ የምንፈልገው ዘሩን ነው። ነቢዩ የጅማ ሰው ቢሆን ኖሮ ምስሉ ሁሉ ይገለበጥ ነበር። «ቆዳህ የት ሄደ? ፍሬህስ ለምን ነጣ?» ይባል ነበር።

እና አንድ ነገር። ኤስፕሬሶ ማለት በጣሊያንኛ ተጨምቆ የወጣ ማለት ነው አሉ። ስለዚህ ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብላችሁ አንድ ኤስፕሬሶ ስታዙ መጥመቂያው መጣላችሁ ማለት ነው። ከእነ ቁጣው፣ ስኳር ካልጨመራችሁ።

---

ቀለም_በእጄ — ረቡዕ፣ ምሽት 1፡15

ጀንፈል ኤስፕሬሶ ካልክ እኔ «ፕሬስ» ልበል። ሥራዬ ኅትመት ነው፤ የሠርግ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ ባነር።

ጉተንበርግ ማይንዝ ከተማ ውስጥ ማተሚያውን ሲሠራ ከባዶ አልተነሳም። አገሩ የራይን ወንዝ ዳር ነው፣ የወይን አገር። ወይን የሚጨመቅበት ባለ ጥምዝ ብሎን መጫኛ በየቦታው ነበር። የእርሱም ማተሚያ በዚያው መላ ነው የሚሠራው፤ ብሎኑ ሲጠመዘዝ ሳንቃው ይወርድና ወረቀቱን ቀለም በተቀባው ፊደል ላይ ይጫነዋል። ባለ 42 መስመሩ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. 1455 አካባቢ እንዲህ ወጣ። ፈረንጆች ጋዜጣውን፣ ጋዜጠኛውን፣ ማተሚያውን ሁሉ «ፕሬስ» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። መጫን፣ መጭመቅ። እኛም «የፕሬስ ነጻነት» ስንል ሳናውቀው የመጭመቂያ ነጻነት እያልን ነው።

ማተሚያው ከተሠራ ብዙም ሳይቆይ ግእዝም ደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የሚባል የእኛ መነኩሴ ነው ያገዘው። በማተሚያ የወጣ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ነው። ዳዊት እንግዲህ በወይን መጭመቂያ ዘመድ ተጨምቆ ወጣ።

---

ዲያቆኑ_ዘጅማ — ረቡዕ፣ ምሽት 1፡33

ቀለም በእጄ፣ ወንበርህ ላይ ተደገፍ።

መዝሙር 8ን አውጣ። ዕብራይስጡ አርእስቱ ላይ «ጊቲት» የሚል ቃል አለው። ሰባው ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት «ጋት» የሚለውን ሰምተው «ስለ መጥመቂያዎች» አሉት። በእነርሱ አቆጣጠር 8፣ 80 እና 83 ላይ ነው። ግእዙም እነርሱን ተከትሎ «በእንተ ምክያዳት» ይላል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ይህን አርእስት ሲፈታ መጥመቂያዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው ይላል፤ ወይኑና ገለባው አብረው የሚገቡበት፣ የሚለዩበትም ቦታ።

ዳዊት በልጅነታችን በቃል የምንማረው መጽሐፍ ነው። «በእንተ ምክያዳት»ን ስንት ጊዜ እያነበነብኩ አልፌዋለሁ መሰላችሁ። አርእስት ነውና ማን ልብ ይለዋል።

---

ቀለም_በእጄ — ረቡዕ፣ ምሽት 1፡36

ተደገፍኩ። ወንበሩ ተሰበረ።

---

ሰሚራ_ሕርማታ — ረቡዕ፣ ምሽት 2፡05

ዲያቆኑ፣ አንድ ጥያቄ፣ ካላስቀየምኩ። ጅማ ላይ ወይን የሚረግጥ ሰው አይቼ አላውቅም። እናንተ ለቅዳሴ የምትጠቀሙበት ከየት ነው የሚመጣው? ጎረቤታችን ካህን ናቸው፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሄጄ ልጠይቃቸው አፈርኩ።

---

ዲያቆኑ_ዘጅማ — ረቡዕ፣ ምሽት 2፡40

ምን ያስቀይማል እኅቴ። ሂጂና ጠይቂያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

የእኛ ከዘቢብ ነው። ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ቤተ ልሔም የምንላት ትንሽ ቤት አለች። ኅብስቱም የሚጋገረው እዚያው ነው። ዘቢቡ ይታጠባል፣ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በእጅ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ይጠለላል። እንዲፈላ አይቆይም፤ ትኩስ ነው፣ አያሰክርም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው የታዘብኩትን ልንገርሽ። ዘቢብ ሲደርቅ የተጨማደደ፣ የሞተ ነገር ይመስላል። ውኃ ውስጥ አድሮ ስታይው ተነፍቷል። ቆዳው ተወጥሯል። በጣትሽ ስትጫኝው ብዙም አይታገልም። ሌሊት ነው፣ ጅማ ደግሞ የምታውቂው ጭጋግ አለ፣ እጅ ይቆረፍዳል። ጭማቂው በጣቶቼ መካከል ሲወርድ ቀዝቃዛ ነበር። ጮክ ብለው የሚዘምሩ ረጋጮች የሉም፣ ከላይ የተንጠለጠለ ገመድ የለም። ሁለት እጅና አንድ ሻማ ነው ያለው። ያኔ «ብቻዬን ረግጫለሁ» የሚለው ቃል መጣብኝ። ከመጽሐፍ አንብቤው አልገባኝም ነበር።

---

ብርሃን_ቆጪ — ረቡዕ፣ ምሽት 2፡58

ዲያቆኑ፣ ትናንት የተናገርኩት እንዳለ ነው፤ ኢሳይያስ 63 ፍርድ ነው። ይህን ጽሑፍህን ግን ለባለቤቴ አነበብኩላት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለየአዌቱ ልጅ ጌዴዎን። የገጠር ልጅ ይህን ያውቃል። እህል የሚወቃው አውድማ ላይ ነው፤ አውድማ ደግሞ ነፋስ የሚያገኝ ገላጣ ቦታ ይመረጥለታል። ነፋስ ከሌለ በምን ይዘራል፣ ገለባው በምን ይሄዳል? መጥመቂያ ግን ጉድጓድ ያለው ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ጌዴዎን እዚያ ገብቶ ስንዴ የሚወቃው ለጥቂት ነዶ ነው፤ በበሬ ሊያበራይ አይችልም፣ በዱላ ነው፣ አቧራው ፊቱ ላይ ነው፣ ጆሮው ደጅ ደጁን ነው። የወይን ደስታ መሆን የነበረበት ቦታ የፈሪ መደበቂያ ሆኗል። መልአኩም መጥቶ «አንተ ጽኑዕ፥ ኃያል ሰው» አለው። እኔ ብሆን እያሾፈብኝ ነው ብዬ አስብ ነበር።

---

አወያይ — ረቡዕ፣ ምሽት 3፡10

ስለ ጠላና ስለ ጽዋ ሌላ ክር ለመክፈት የሞከረ ሰው ነበር፣ ዘግቼዋለሁ። እዚሁ ቀጥሉ። እንዲህ ሲጨዋወቱ ማየት ብርቅ ነው።

---

ጡረተኛው — ኀሙስ፣ ጠዋት 1፡25

ዲያቆኑ ሻማውን ሲጽፍ ቡናዬ ቀዘቀዘ። በዚህ ሰሞን ጽጌ ነው፤ ሌሊት ከቤቴ በላይ ካለው ደብር ማሕሌቱ ይሰማኛል። እመቤታችንን «ሐረገ ወይን» ይሏታል። ለቀማውም ደርሷል፤ ሰዎቹ ጎህ ሲቀድ ዘንቢል ይዘው በበሬ ያልፋሉ። ሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ይህን ብቻ ልል ነው።

---

የአዌቱ_ልጅ (ክሩን የከፈተ) — ኀሙስ፣ ምሽት 1፡50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሥዕሉን ፈልጌ አጣሁት ጀንፈል፤ ሳይቀደድ አይቀርም።

ዛሬ ከሥራ መልስ እማዬ ጋ ሄጄ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። አሁን አትጠምቅም፣ ጉልበቷ ደክሟል፤ ግን አንድ ጋን ጓዳ ጥግ አስቀምጣለች፣ ለማንም አትሰጥም። የአለቱን መጥመቂያ ስነግራት ገረማት። «በእግር? ታጥበው ነው?» አለች መጀመሪያ። የሰሚራን ኡስታዝ ወደደችው። ዲያቆኑ የጻፈውን ስጨርስ ዝም አለች፣ እጇን አየች፣ ከዚያ እንጀራ አቀረበችልኝ።

በመጨረሻ የጌዴዎንን አነሳሁባት። ልጅ ሆኜ ጋን ውስጥ ገብቶ ስንዴ ሲወቃ ይታየኝ ነበር አልኳት።

«ጌዴዎን ማለት ያ በሌሊት ከሦስት መቶ ሰው ጋር ማሰሮ የሰበረው አይደለም?» አለች።

«እሱ ነው።»

«እንግዲያው ጋኔ አጠገብ ድርሽ እንዳይል።»